ቃሬዛ የሚያሳልፍ መንገድ

ባንግ ሚሳር ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማወራውን ሰምታችሁ እንዳትቀየሙት ነው። ጎረቤቴ ነው፤ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፣ ስለዚህ ባንግ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እያልኩ ነው የምጠራው። ሲስቅ ከፊቱ ቀድሞ ሆዱ ይስቃል። የታመመ ካለ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ሰርግ ካለ ድንኳን ለመትከል የሚቀድመው የለም። አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት። ባዶ መሬት ማየት አይችልም፤ በተለይ ሰው የሚሄድበት ባዶ መሬት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም።

በእርግጥ በሽታው የእሱ ብቻ አይደለም፤ የመንደራችን ነው። መንደራችን ክቻፒ ከጃካርታ በሞተር ሳይክል አንድ ሰዓት ነው፤ መንገዱ ከተጨናነቀ ሦስት። አባቶቻችን የሩዝ ማሳቸውን ለሪል እስቴት ሸጠው ሞተር ሳይክል ገዙ። ሞተር ሳይክሎቹ ተበላሽተው ቆርቆሮ ሆኑ፤ ማሳው ግንብ ያለው ሰፈር ሆነ። ልጆቻቸው ዛሬ በዚያው ግንብ በር ላይ ዘበኛ ሆነው፣ አያታቸው ሩዝ ወደ ተከለበት መሬት የሚገባውን መኪና ሰላም ይላሉ። እኛ ከግንቡና ከወንዙ መካከል የቀረነው ሰዎች ስለዚህ እያንዳንዷን ስንዝር እንደ ጥርሳችን እንጠብቃለን። ባንግ ሚሳር ግን መጠበቅ ብቻ አልበቃውም።

አባቱ ባቤ ራሲም፣ ባቤ አባት ማለት ነው፣ ሲሞቱ ርስታቸውን ለሁለት አካፍለው ነበር የሄዱት። ከመንገድ ዳር ያለው የፊተኛው ለወንድ ልጃቸው ለሚሳር፣ ከኋላ ከወንዙ በኩል ያለው ለሴት ልጃቸው ለሮምላ ደረሰ። ከሮምላ ቤት ወደ መንገድ መውጫው በሚሳር ድርሻ ውስጥ በእኔ ግንብ አጥር ጥግ የሚያልፍ አንድ መንገድ ብቻ ነው። ባቤ ራሲም ይህን መንገድ ሲተዉ ያሉትን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ «ቃሬዛ የሚያሳልፍ ይሁን» ነው ያሉት።

ሮምላ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዚሁ መንገድ ነው። ጎህ ሲቀድ በኮኮናት ወተት የቀቀለችውን ሩዝ፣ የተጠበሰ እንቁላልና ቃሪያ በጋሪ ጭና፣ ገፍታ አውጥታ መንገድ ዳር ትሸጣለች። እናታቸውም ከእሷ ጋር ከኋላ ቤት ነው የሚኖሩት። ኛክ ኢጃ ይባላሉ። ኛክ እናት ማለት ነው፤ ወለዱም አልወለዱም መንደሩ ሁሉ ኛክ ይላቸዋል። ዘጠና አልፏቸዋል። ጥርሳቸው አልቋል፤ ምላሳቸው ግን አልረገፈም።

ባንግ ሚሳር መጀመሪያ በመንገዱ ጠርዝ አበባ ተከለ። አበባ ማን ይቃወማል? በቀጣዩ ዓመት አበባው ሰፋና እሱን ለመጠበቅ አጥር አስፈለገ። ቀጥሎ ለሚያዘምራቸው ወፎች፣ ለዋኔዎቹ፣ ቤታቸው የሚሰቀልበት ረጃጅም ግንድ ከአጥሩ ወዲህ ቆመ። ከዚያ የዶሮ ቤት መጣ። ከዶሮ ቤቱ በኋላ የጡብ ክምር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የሚሳር አጥርም እንዲሁ ሄደ፣ በሠላሳ ዓመት ወደ እኔ ግንብ።

«ባንግ፣ መንገዱ ጠበበ እኮ» እለዋለሁ አንዳንዴ።

«መንገዱ አልጠበበም ጃያዲ። አንተ ነህ የወፈርከው።»

ራሱም ቢሆን ከእኔ አይቀጥንም። በየማታው ከመግሪብ ሶላት በፊት እናቱን ለማየት በዚያ መንገድ ይሄዳል፤ ዶሮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሆዱን ሰብስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ጎኑን አዙሮ ነው የሚያልፈው። እኔ በግንቡ ላይ ሆኜ እያየሁ እስቃለሁ። አንድ ቀን ሳያልፍ ቀርቶ አያውቅም፤ ይህ ይመስከርለት።

ሰው ጎኑን ያዞራል፣ ጋሪ ግን ጎን የለውም። ሮምላ አንድ ቃል አልተናገረችም። አናጢ ጠርታ ጋሪዋን በአንድ ክንድ አስጠበበች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ አስጠበበች። ደንበኞቿ፣ «ሮምላ፣ ጋሪሽ ጾም ይዛለች እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባታል። ጡቡ ከመጣ በኋላማ ጋሪዋ መንገድ ዳር እየዋለች እያደረች፣ ሩዙን በድስት፣ ቃሪያውን በሳህን፣ እንቁላሉን በቅርጫት፣ አራት ጊዜ እየተመላለሰች ማውጣት ጀመረች። ባንግ ሚሳር በረንዳው ላይ ተቀምጦ የእህቱን ሩዝ እየጠበቀ ይጮኻል። በነጻ ነው የሚበላው፤ ታላቅ ወንድም አይደለ?

«ሮምላ! ዛሬ ደግሞ ምነው ዘገየሽ?»

«መንገድ ተጨናንቆ ነው፣ ባንግ» ትለዋለች።

«ይቺ ጃካርታ እኮ!» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ጡቡ ለምን እንደ ተከመረ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ የኪራይ ክፍል በበር ነው የሚቆጠረው። እንትና ሁለት በር አለው፣ እንትና አምስት በር አለው እንላለን፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ይከራዩታል፣ ባለቤቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ያረጃል። ባንግ ሚሳር ቦታውን በገመድ ለካው። ሦስት በር ያለ ችግር ይቆማል። አራተኛው በር ግን መንገዱ ላይ ነው የሚወድቀው። ያቺ አራተኛ በር እንደ ኮረዳ ያዘችው። ሲበላ ስለ እሷ ያወራል፣ ከመስጊድ ሲወጣ ስለ እሷ ያወራል። አንድ ጡብ ሳይደረድር መንደሩ «ባለ አራት በሩ» የሚል ስም አወጣለት።

በዚህ መሀል የካርታው ነገር መጣ። እስከዚያ ድረስ በእጃችን የነበረው የአያቶቻችን የግብር ወረቀት ነበር፤ ግማሹን አይጥ በልቶታል፣ ግማሹ ላይ የተጻፈው ድንበር «ከዱሪያን ዛፉ እስከ ዱሪያን ዛፉ» ነው። ዱሪያኖቹ ከተቆረጡ ቆይተዋል። አሁን መንግሥት ለሁሉም በነጻ ካርታ ሊሰጥ ሆነና እኔ የሰፈሩ ሹም ስለሆንኩ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነገርኩ። ሹመት ስላችሁ እንዳትጎመጁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ በእኔ ሹመት የሚበላው ስድብ ብቻ ነው። ሐሙስ ቀያሽ ትመጣለች፣ ጎረቤትና ጎረቤት ተስማምቶ ችካሉን ይትከል፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ከዚያ በኋላ በካርታው ላይ ያለው ነው ያለው አልኩ።

ባንግ ሚሳር ማክሰኞ ዕለት ችካሉን ተከለ። የመጨረሻውን ከእኔ ግንብ ሥር ነበር ያስጠጋው።

«መንገዱስ?» አልኩት።

«የቱ መንገድ?»

«ባንግ!»

«እህቴ አይደለች እንዴ? ታልፋለች። በጣራው ክፈፍ ሥር ታልፋለች፤ ማን አትለፊ አላት? ከእህትና ከወንድም መካከል ወረቀት ምን ይሠራል? ና ሙዝ ጥብስ ብላ።»

ሙዝ ጥብሱን በላሁ። ስለ ዋኔዎቹ አወራን። አዲሱ ዋኔው እውነትም ድምፁ ያምራል፤ እሱን አድንቄ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ምን ላድርግ? ዝም አይነቅዝም አልኩ ለራሴ። ሹም ሆኜ ሳልፈራ የዋልኩበት ቀን የለም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሮምላ የምትፈርመውን ወረቀት ይዛ ከእኛ ቤት መጣች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች እንጂ አልገባችም።

«ባንግ ጃያዲ፣ ካልፈረምኩ ታላቅ ወንድሜን በመንደር ፊት አዋረድኩት። ባቤ ከሞተ ወዲህ አባቴ እሱ ነው። ከፈረምኩ ደግሞ ቤቴ መውጫ የለውም።»

«እሱ ታልፋለች ብሏል» አልኩ፤ ስናገረው በራሴ አፈርኩ።

«እሱማ ያሳልፈኛል። ልጆቹስ ልጆቼን ያሳልፏቸዋል? ቤቱን ቢሸጡትስ? የገዛው ሰው እኔን ምን ብሎ ያውቀኛል?» ወረቀቱን አጣጥፋ ከቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። «እፈርማለሁ መሰለኝ። ሆድ ይፍጀው። ለኛክ ግን እንዳትነግራት።»

እኔ አልነገርኳቸውም፤ ወላሂ አልነገርኩም። ለሚስቴ ብቻ ነው የነገርኩት።

ረቡዕ ጠዋት ኛክ ኢጃ አስጠሩኝ። ከቤታቸው ፊት በቀርከሃው መደብ ላይ ተቀምጠው አፍ የሚያቀላውን ቅጠላቸውን ያኝካሉ።

«አንተ ሹም፣ ነገ ቀያሿ ስትመጣ የመስጊዱን ቃሬዛ አስመጣልኝ።»

«ቃሬዛ? ማን ሞተ ኛክ?»

«እኔ።»

ከመደቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

«ገና ነኝ እንጂ» አሉ ቅጠሉን ወደ ሌላው ጉንጫቸው እያዞሩ። «ግን ልብስ ሳይለካ ይሰፋል? መንገዴን ልለካ ነው። አራት ሰው ይያዘው። ቁመትህ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል፤ አንተም ትይዛለህ።»

«ኛክ፣ ሰው ሳይሞት ቃሬዛ ወደ ቤት ማስገባት እኮ ጥሩ አይደለም። ሰዉ ምን ይላል?»

«ዘጠና ዓመት ሙሉ ሰው ያለውን ስሰማ ኖሬያለሁ። አንድም ጠቃሚ ነገር አላለም። ሂድ።»

ሐሙስ ጠዋት እኔ፣ የመስጊዱ ዘበኛና ሁለት ጎረቤቶች ቃሬዛውን ተሸክመን ከመስጊድ ወጣን። ዋናውን መንገድ ይዘን ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ ጉድ ፈላ። ማለዳ ቃሬዛ ወደ ባቤ ራሲም ግቢ ሲያመራ ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል? ወዲያው «ኛክ ኢጃ! ኢና ሊላሂ!» የሚል ድምፅ ከቤት ወደ ቤት ዘለለ። ሴቶች እንደ ልማዳችን በጎድጓዳ ሳህን ሩዝ እየሰፈሩ፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ከኋላችን ተሰለፉ። እነሱ በአንድ በአንድ በጡቡና በግንቡ መካከል እየሾለኩ ቀድመውን ገቡና ሟቿን መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ሻይ ሲጠጡ አገኟቸው። አንደኛዋ ሳህኑን ልትጥል ምንም አልቀራት።

«ሩዙን እዚያ አኑሩት» አሉ ኛክ ኢጃ።

«ኛክ፣ እኛ እኮ... ሞተዋል ተብሎ...»

«አዎ፣ ሰምቻለሁ። የለቅሶ ሩዝ አይመለስም። የእኔ ቀን ሲደርስ ደግማችሁ እንዳትቸገሩ ነው። አስቀምጡት።»

እኛ ግን አልደረስንም ነበር። ቃሬዛውን በትከሻችን ይዘን፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ እስከ ዋኔዎቹ ግንድ ድረስ መጣን። ዶሮ ቤቱ ጋ እኔ ከግንቡ፣ ዘበኛው ከሽቦው ጋር ተጣበቅን። ዶሮዎቹ ተንጫጩ። ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ። ቀያሿ፣ ኮፍያ ያደረገች ወጣት ሴት፣ መሣሪያዋን በሦስት እግሩ ላይ አቁማ አፏን ከፍታ ታየናለች። ባንግ ሚሳር ሽርጡን እያጠበቀ ከቤቱ ሮጦ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኛክ! ኛክ ምን ሆነች?»

«ደህና ናቸው፣ ባንግ» አልኩት ትከሻዬ እየተላጠ። «እየሞከሩ ነው።»

«ምን?»

ከወዲያ በኩል የእናቱ ድምፅ መጣ። «ጃያዲ፣ የት ደረስኩ?»

«ዶሮ ቤቱ ጋ፣ ኛክ።»

«ለምን ቆምኩ?»

«አያሳልፍም።»

«እህ፣ እንግዲያው ከዶሮዎቹ ጋር ልቀበር ነው። ጥሩ፣ እንቁላል አላጣም።»

ሰዉ ሳቀ። እንባቸው ያልደረቀው ሴቶች ሳቁ፣ ቀያሿ ሳቀች። ባንግ ሚሳር ብቻ አልሳቀም። ሆዱን ሰብስቦ፣ ጎኑን አዙሮ፣ በቃሬዛውና በግንቡ መካከል ሊሾልክ ሞከረና እሱም ተጣበቀ። እዚያው እንደ ቆመ ጮኸ።

«ኛክ፣ ምን ነካሽ? ያንቺ ቀን ሲመጣ እኔ አላነሳውም እንዴ? ዶሮ ቤቱን በአንድ ሰዓት አነሳዋለሁ!»

«ዶሮ ቤቱን ታነሳለህ። አራተኛውን በርህን ደግሞ ታነሳዋለህ? ተከራዮችህ ተኝተው እያለ በሩን አንኳኩቼ፣ 'ይቅርታ ልጆቼ፣ ሬሳ ነኝ፣ በመኝታ ቤታችሁ ልለፍ' ልበል?»

አሁን ራሱ ሚሳርም ሊስቅ ዳዳው። ኛክ ኢጃ ግን መቀለዱን ተዉት። በሮምላ ክንድ ተደግፈው ተነሡና፣ ዱላቸውን እየተመረኮዙ፣ እስከ ዶሮ ቤቱ ድረስ መጡ። ቃሬዛው እንዳለ በእናትና በልጅ መካከል ነበር።

«ይህን መንገድ አባትህ ሲያወጣው አንተ ጀርባዬ ላይ ነበርክ» አሉት። «ለዚያ ለኋላው ቤት ነው ያወጣው፣ ገና ሣር ሆኖ ሳለ። ያኔ ቃሬዛው የቀርከሃ ነበር። አራት ሰው አሸክሞ፣ ትከሻቸው እስከ ደረሰበት ድረስ በገዛ እጁ ችካል ተከለ። አጎትህ፣ 'ይህን ያህል መሬት ለምን ታባክናለህ? ሰው እንደሆን ጎኑን አዙሮ ያልፋል' አለው። አባትህ ምን እንዳለው ታውቃለህ?»

ሚሳር ከተጣበቀበት አንገቱን ወደ እናቱ አሰገገ።

«'ሕያው ጎኑን ያዞራል፤ ሬሳ ጎኑን አያዞርም' አለው። እኔ ጎኔን ሳዞር ሠላሳ ዓመት አለፈኝ፣ ልጄ። ሮምላም አዞረች። ምንም አላልንህም፤ ሕያው ነንና። ያን ቀን ግን ማዞር አልችልም።»

ቃሬዛው ባዶ ነበር፣ ግን እላችኋለሁ፣ በዚያች ደቂቃ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ሮምላ መሬት መሬት ታያለች። ባንግ ሚሳር እናቱን አየ፣ ከዚያ እህቱን አየ፤ ከሁሉ ይልቅ ያየው ግን የእህቱን እጅ መሰለኝ፤ የድስት ጆሮ የላጠው እጅ። ከዚያ ከተጣበቀበት ተላቅቆ ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ።

አኮረፈ ብዬ ነበር። ቆንጨራና መዶሻ ይዞ ወጣ። የዋኔዎቹን ቤቶች አንድ በአንድ አውርዶ በረንዳው ላይ ደረደረ፣ ግንዶቹን ነቀለ፣ የዶሮ ቤቱን ሽቦ ቆርጦ ዶሮዎቹን ለቀቃቸው። ዶሮዎቹ በቀያሿ መሣሪያ እግር ሥር ተበተኑ። እኛም ቃሬዛውን አስቀምጠን ጡቡን እየተቀባበልን ወዲያ አሻገርን። አበባውን ሲቆርጥ ብቻ ትንሽ አመነታ፤ ሠላሳ ዓመት ያጠጣው ነውና። ቀትር ሲሆን ከአበባው ሥር አንድ የበሰበሰ እንጨት አገኘ። የባቤ ራሲም ችካል ነበር። አፈሩን በጣቱ ጠረገለት፤ ከዚያ በዚያው ጉድጓድ አዲሱን ችካል ተከለ።

«እንግዲህ ስፋቱ ስንት ይባል?» አለች ቀያሿ ብዕሯን አውጥታ።

«ቃሬዛና ሁለት ሰው» አላት ባንግ ሚሳር።

«በሜትር ነው የሚጻፈው፣ አባቴ።»

«አንቺ በሜትር ጻፊው። እኛ በዚህ ነው የምናውቀው።»

ቃሬዛውን ዳግመኛ አነሣን፤ በዚህ ጊዜ አንደኛውን የፊት እጀታ ሚሳር ያዘው። ቀያሿ ለካች። አንድ ሜትር ከሰማንያ ሆነ። ሮምላ ፈረመች፣ እሱ ፈረመ፣ እኔም እንደ ሹም ፈረምኩ። ሩዙን ኛክ ኢጃ እንዲቀቀል አዘዙና ያለቀሰላቸው ሁሉ በላ። የሚሳር ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ባለ ሦስት በሩ» ሆነ፤ ሮምላም አናጢ ጠርታ ጋሪዋን አሰፋች።

ኛክ ኢጃ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖሩ። ፀሐይ ባለበት ቀን ሁሉ በመንገዱ መሀል እየተራመዱ ዱላቸውን ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ። ዱላው ምንም ካልነካ፣ «ሚሳር፣ ዛሬም አልሞትኩም!» ብለው ይጮኻሉ። እሱም ከበረንዳው፣ «አትቸኩይ ኛክ፣ መንገዱ የትም አይሄድም!» ይላቸዋል።

የሄዱት በዝናቡ ወር፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። ሴቶቹ እንደገና ሩዝ ይዘው መጡ። ወዴት እንደሚያስቀምጡት የሚያዛቸው አልነበረም። አጥበን፣ ከፍነን፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ሸፍነን ቃሬዛውን አነሣን። የፊቱን እጀታ ከቤቱ በኩል ሚሳር ያዘ፤ እኔ ከግንቤ በኩል ያዝኩ። መሬቱ ርጥብ ነበር፣ ቀስ ብለን ሄድን። በሁለታችንም በኩል ቦታው ተርፎን ነበር።

ዶሮ ቤቱ የነበረበት ቦታ ስንደርስ ባንግ ሚሳር ሆዱን ሰበሰበ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ትከሻውን አዞረ። ቃሬዛው ወደ እኔ ዘመመ።

«ባንግ» አልኩት በቀስታ። «መንገዱ ሰፊ ነው።»

ቆመ። ወደ ጎኑ ተመለከተ። በዚያ በኩል ዝናቡ ያበቀለው ሣር ብቻ ነበር። ትከሻውን መለሰ፣ ቃሬዛውን አቃና፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ፣ ሁላችንም እየሰማነው፣ «ይቅር በይኝ፣ ኛክ» አላቸው። ከዚያ ቀጥ ብለን አለፍን።